አራት መንገድ፣ አንድ ግብ? የቪቬካናንዳ የዮጋ አከፋፈል ሲመረመር

በመድረኮቻችን ስለ ዮጋ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አያልፍም፦ ዮጋ ማለት ውሕደት ነው፤ ስለዚህ ዮጋ የሚሠራ ሁሉ ከባዕድ አምላክ ጋር ይዋሐዳል። ጉባኤው አሜን ይላል፤ ሰባኪውም ወደ ሌላ ነጥብ ያልፋል። ማስጠንቀቂያው ከንቱ ነው አልልም። ነገር ግን ሳናውቀው የምንደግመው ትርጓሜ በዓለም እንዲሰራጭ ቀዳሚ ድርሻ የነበረው አንድ የሂንዱ ሰባኪ ነው። እርሱን ለመቃወም ተነሥተን አነባበቡን ግን ተቀብለናል።

ሰውየው ስዋሚ ቪቬካናንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ በተካሄደው የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ከተናገረ በኋላ በአሜሪካ ሲያስተምር ቆየ፤ «ራጃ ዮጋ» የተባለው መጽሐፉም በ1896 ታተመ። በዚህና በሌሎች ትምህርቶቹ ዮጋን በአራት ይከፍለዋል፦ የሥራ መንገድ የሆነው ካርማ፣ የፍቅርና የአምልኮ መንገድ የሆነው ባክቲ፣ የዕውቀት መንገድ የሆነው ጅናና፣ አእምሮን የመግዛት መንገድ የሆነው ራጃ። ሰው እንደ ጠባዩ ይመርጣል፤ ሁሉም ግን ነፍስ በመሠረቷ መለኮታዊ መሆኗን ወደ መገንዘብ ያደርሳሉ ይላል። በቅኝ አገዛዝ ሥር ሆኖ የአባቶቹ እምነት ሲናቅ እየሰማ ያደገ ሰው ሁሉን የሚያቅፍ ትምህርት ይዞ መነሣቱ አይገርምም። ጥያቄው፣ ምንጮቹ በእርግጥ ይህን ይላሉ ወይ የሚለው ነው።

ለራጃ ዮጋ መሠረት ያደረገው የፓታንጃሊን ሱትራ ነው፤ ከ190 በላይ አጫጭር አንቀጾች ያሉት ድርሳን። ፓታንጃሊ የሚፈልገው ግን ውሕደት ሳይሆን መለየት ነው። በእርሱ ዘንድ የሥቃይ ሥር፣ ንጹሕ ተመልካች የሆነችው ነፍስ ከሥጋ፣ ከስሜትና ከሐሳብ ጋር ተደባልቃ መታየቷ ነው። ከሥነ ምግባር ጀምረው እስከ ጥልቅ ተመስጦ የሚደርሱት ስምንቱ ክፍሎች ይህን መደባለቅ ለመፍታት የተደረደሩ ናቸው፤ ግቡም ካይቫልያ ይባላል፣ ነፍስ ለብቻዋ ተለይታ መቅረቷ። ኢሽቫራ፣ ማለትም ጌታ፣ የሚባል አለ፤ ሆኖም ከቶ ያልታሰረ ልዩ ነፍስ ነው እንጂ ዓለምን ከምንም የፈጠረ አምላክ አይደለም፤ ነፍስም የምትጓዘው ከእርሱ ጋር ለመዋሐድ አይደለም። ይህ ድርሳን፣ ነፍስና ብራህማን አንድ ናቸው ከሚለው ከአድቫይታ ትምህርት ጋር አንድ ግብ አለው ማለት በደራሲው አፍ ሌላ ቃል ማስገባት ነው።

ለእኛም መልሳችን ይለያያል። ለአድቫይታ ልናነሣበት የሚገባው የፈጣሪና የፍጡር ልዩነት ነው፤ ዘፍጥረት 1 እዚያ ላይ ይበቃል። ለፓታንጃሊ ግን ክርክሩ ስለ ሥጋ ነው። እርሱ መዳንን ከሥጋና ከግዙፉ ዓለም መለየት ሲያደርገው፣ ጳውሎስ በ1 ቆሮንቶስ 15 የሥጋን ትንሣኤ የተስፋችን ማሰሪያ ያደርገዋል። (በነገራችን ላይ፣ ነፍስ ከሥጋ እስር ቤት ወጥታ አረፈች እያልን በየቀብሩ የምንሰብክ ከሆነ ከፓታንጃሊ ያለን ርቀት የምናስበውን ያህል አይደለም።)

ካርማ ዮጋ በባጋቫድ ጊታ እንደተሰጠው ግዴታን መፈጸም፣ ፍሬውን ግን አለመናፈቅ ነው። ከወንጌል ጋር ይመሳሰላል የሚሉ አሉ። ጳውሎስ ግን በዚያው በምዕራፍ 15 መጨረሻ ድካማችን ከንቱ አለመሆኑን አውቀን እንድንተጋ ይመክራል፤ ፍሬውን ተስፋ እንድናደርግ እንጂ እንድንተወው አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ባክቲ ነው፤ ስለ እርሱም ብዙ ጊዜ በስንፍና እንናገራለን። «ሌሎች ሃይማኖቶች ሥራ ናቸው፣ ክርስትና ብቻ ጸጋ ነው» የሚለው ስብከት እዚህ ይሰናከላል። በጊታ መጨረሻ ክሪሽና አርጁናን ሌላውን ሁሉ ትቶ በእርሱ ብቻ እንዲጠለል ይጠራዋል፤ ከኃጢአትም እንደሚያድነው ቃል ይገባለታል። ራማኑጃ በዚህ መንፈስ አድቫይታን አጥብቆ ተከራከረ፤ አፍቃሪው ከሚወደው ጋር አንድ አካል ከሆነ ፍቅር ምን ይሆናል? ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተከታዮቹ በጸጋ ጉዳይ ሁለት ወገን ሆኑ። አንዱ ወገን የጦጣ ግልገል እናቱን ራሱ እንደሚይዝ ሰውም የራሱ ድርሻ አለው አለ፤ ሌላው ድመት ግልገሏን በአፏ አንጠልጥላ እንደምትወስድ ሁሉ የአምላክ ሥራ ነው አለ። የአርሚንየስንና የካልቪንን ተከታዮች ክርክር ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም። እንግዲህ ጸጋ የሚለውን ቃል ብቻ ይዘን ልንለይ አንችልም። የምንለየው ጸጋው በምን እንደተገዛ ስንናገር ነው፦ በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን፣ በታሪክ ውስጥ፣ ኃጢአት በእውነት ተፈርዶበት። ሮሜ 3፥25-26 እግዚአብሔር ጻድቅ ሆኖ የሚያጸድቅ መሆኑን የሚያሳየን በዚህ ነው። ባክቲ ይቅርታን ተስፋ ያደርጋል፤ ይህን መስቀል ግን አያውቅም። ቪቬካናንዳ ባክቲን ወደ አንድነት ዕውቀት ማድረሻ አድርጎ ሲያየው፣ የራማኑጃም ተከታዮች እንደ እኛው ይቃወሙታል።

ዛሬ በየከተማው ዮጋ የሚባለው ግን በአመዛኙ ከአራቱ አንዱም አይደለም፤ ከሃታ ዮጋ የወረደ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ቪቬካናንዳ ራሱ ሃታን ለመንፈሳዊ እድገት ብዙም አይረባም ብሎ ወደ ጎን ትቶታል። በ15ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው «ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ» የሚዘረዝረው 15 አቀማመጦችን ብቻ ነው፤ እነርሱንም ለራጃ ዮጋ መወጣጫ አድርጎ ነው። አሁን የምናየው የቁም እንቅስቃሴ ብዛት በአብዛኛው በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻርያ በማይሶር ቤተ መንግሥት ካስተማረውና ደቀ መዛሙርቱ አየንጋርና ፓታቢ ጆይስ በዓለም ካሰራጩት የመጣ ነው፤ የአውሮፓ ጂምናስቲክ ተጽዕኖ እንዳለበት የሚከራከሩ ተመራማሪዎችም አሉ።

ስለዚህ ለጀርባ ሕመሟ ወደ ዮጋ ክፍል ልሂድ ወይ ብላ ለምትጠይቅ እኅት «አዎን» ወይም «አይሆንም» ከማለት በፊት መጋቢው የሚጠይቃት አለ። መምህሯ የማንን ስም እንድትደጋግም ያዝዛታል? በመጨረሻ ዓይናችሁን ጨፍኑ ሲል ስለ ትንፋሿ ይነግራታል ወይስ አምላክ በውስጧ ያለች እርሷው ራሷ እንደ ሆነች?