ከጫማው ጫፍ እስከ ክንፉ ጫፍ

ሊስትሮ ፊት ቆሞ እግሩን ሳጥኑ ላይ ያሳረፈ ሰው ያቺን ድምፅ ያውቃታል። ልጁ በብሩሹ ጀርባ ሳጥኑን ኳ ያደርጋል፤ «እግር ቀይር» ማለቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲቪል ኤር ፓትሮል የተባለው የአየር ኃይል ረዳት ድርጅት አባል ለሆነ የ13 ዓመት ካዴት ግን ሳጥን የሚያንኳኳለት የለም። በሳምንታዊው ስብሰባ ዋዜማ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ፣ ጥቁር ጫማውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይቀመጣል፤ ሊስትሮውም ደንበኛውም ራሱ ነው።

የአየር ካዴት ሲባል የሰው ዓይን ወዲያው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። እኔ ግን ከጫማው ልጀምር። እዚያች ጫፍ ላይ የሚሠራው ሥራና ኋላ ክንፍ ሥር የሚሠራው ሥራ አንድ ነውና።

ጠጋ ብለን እንየው። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ሁለት ጣት ላይ ይጠመጠማል፤ አንድም ቦታ መጨማደድ የለበትም። ጨርቁ ቀለሙን ነካ አድርጎ ይመለሳል፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ይታከልበታል፣ ከዚያ ጣቱ ሳይጫን ትንንሽ ክብ እየሠራ ይዞራል። መጀመሪያ ቆዳው ይደበዝዛል። ጀማሪው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ቀለም ይጨምራል፤ የሚበላሸውም ያኔ ነው። የቆዳውን ቀዳዳዎች የሚሞላው ስስ ሆኖ የተደራረበ ሰም እንጂ በአንዴ የተለጠፈ ወፍራም ቀለም አይደለም። አንድ ስስ ድርብ፣ ትንሽ ፋታ፣ ሌላ ስስ ድርብ። ቆዳው ፍጹም ለስላሳ ሲሆን ብርሃኑን ሳይበትን ይመልሰዋል፤ የኮርኒሱ አምፖል ጫማው ጫፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚያውቅ እጅ ይህን መስታወት የሚያወጣው ጫፉና ተረከዙ ላይ ብቻ ነው። ሲራመዱ የሚታጠፈው ቦታ ላይ ሰሙ ከተደራረበ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እዚያ በብሩሽ ብቻ ይታለፋል። የት ማቆም እንዳለበት ማወቅ የሙያው ግማሽ ነው። ደንቡ ያለ ቀለም የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ጫማም ይፈቅዳል። ያንን የመረጠ ልጅ ጊዜ ይተርፈዋል፤ ይቺ ትምህርት ግን ታመልጠዋለች።

ከጫማው ወደ ላይ እንውጣ። ሰማያዊው የደንብ ልብስ ሲለበስ የሸሚዙ ጠርዝ፣ የቀበቶው ዘለበት ዳርና የሱሪው ዚፕ ክዳን ከላይ እስከ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለባቸው። ካዴቶቹ «ጊግ ላይን» ይሉታል። የስም ሰሌዳው በቀኝ ኪስ፣ የሽልማት ሪባኖቹ በግራ ኪስ በኩል በማስመሪያ ተለክተው ይቀመጣሉ። ከስፌት ያፈነገጠች ክር ከተገኘች በመቀስ ትቆረጣለች። ይህን ሁሉ የሚፈትሸው ብዙ ጊዜ ሽማግሌ መኮንን ሳይሆን በሁለትና በሦስት ዓመት የሚበልጠው ሌላ ካዴት ነው፤ እሱም ትናንት የተፈተሸ።

ሰልፉም በልክ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። «ተጠንቀቅ» ሲባል ተረከዝ ከተረከዝ ይገጥማል፣ የእግር ጫፎች በ45 ዲግሪ ይከፈታሉ፣ አውራ ጣት የሱሪውን የጎን ስፌት ተከትሎ ይወርዳል። አንዱ እርምጃ 24 ኢንች ነው፤ እጅ ወደ ፊት 6፣ ወደ ኋላ 3 ኢንች ይወዛወዛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ቀኝ ኋላ ዙር» ሲባል አንዱ ይንገዳገዳል፣ ሌላው በግራ ይዞራል፣ ሳቅ ይታፈናል። ውሎ አድሮ ግን የሃያ ልጆች ተረከዝ መሬቱን አንዴ ብቻ ሲመታ ይሰማል። ያን ድምፅ ለማውጣት እያንዳንዱ ልጅ የጎረቤቱን እርምጃ መስማት ተምሯል።

እኛ አገር ካዴት ሲባል ትዝ የሚለን የጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንን ነው። ስለዚህ አበሻ ወላጅ «ልጄን ለጦር ሊመለምሉብኝ ነው» ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም። ሲቪል ኤር ፓትሮል የአሜሪካ አየር ኃይል ረዳት ድርጅት ይሁን እንጂ ካዴት መሆን ወታደር የመሆን ግዴታ አያመጣም። ከ12 ዓመት ጀምሮ 19 ሳይሞላ መግባት፣ እስከ 21 መቆየት ይቻላል። ዜግነት ወይም ሕጋዊ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ግሪን ካርድ ላለው ልጅ በሩ ክፍት ነው። ከመመዝገቡ በፊት ስኳድሮን የሚባለውን በአቅራቢያው ያለ የድርጅቱን ቡድን ሄዶ ማየት የተለመደ ነው። ስብሰባው በሳምንት አንድ ምሽት ነው፤ የአመራር ትምህርት፣ የበረራ ሳይንስ፣ የአካል ብቃትና የሥነ ምግባር ውይይት ይፈራረቁበታል። በብዙዎቹ ምሽቶች አውሮፕላን አይታይም፤ ይህን ለልጁ አስቀድሞ መንገር ደግ ነው።

ድርጅቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1941፣ ፐርል ሃርበር ከመመታቱ 6 ቀን በፊት ነው። በቀጣዩ ዓመት መኮንን ሆና የገባችው ዊላ ብራውን በድርጅቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር መኮንን ነበረች። ዊላ አብራሪ ብቻ ሳትሆን የአውሮፕላን መካኒክም ነበረች። ባልደረባዋ ኮርኔልየስ ኮፊ የጆን ሮቢንሰን የሙያ ጓደኛ ነበር፤ ሁለቱም ወደ አውሮፕላን የመጡት ከመኪና ጥገና ነው። ያ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲል አገራችን መጥቶ ትንሹን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው፣ ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን ያሠለጠነው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አዲስ አበባ ላይ ያለፈው ኮሎኔል ሮቢንሰን ነው። የሦስቱም እጅ መሪ ብቻ ሳይሆን ቁልፍና መፍቻም ጨብጧል።

አሁን ወደ ማኮብኮቢያው። ካዴት 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለ ክፍያ 5 በረራ በሞተር አውሮፕላን፣ 5 በረራ ደግሞ በግላይደር ይፈቀድለታል። የሞተሩ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ሴስና ነው። ካዴቱ ከፊት፣ ከአብራሪው ጎን ይቀመጣል፤ ከመቀመጡ በፊት ግን አውሮፕላኑን አብሮት ይዞራል። ቼክሊስቱ እጅ ላይ ነው። አብራሪው ከክንፉ ሥር ግልጽ በሆነ ትንሽ ብልቃጥ ነዳጅ ይቀዳና ወደ ብርሃኑ ያነሳዋል። ነዳጁ ፈዛዛ ሰማያዊ መሆን አለበት። ውሃ ከገባበት፣ ውሃ ይከብዳልና፣ ከታች እንደ ዶቃ ተኝቶ ይታያል። ከዚያ ወደ ፕሮፔለሩ፤ እሱ ምንጊዜም ሊዞር ይችላል ተብሎ በጥንቃቄ ነው የሚቀረበው። ጠጠር የፈነቀላት ጥፍር የምታህል ጉድጓድ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለች። የሚፈለገው ያ የጫማው ዓይን ነው፤ ለስላሳው ላይ ሻካራውን፣ ቀጥታው ላይ ጠማማውን የሚለይ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የወሰደው ግን ግላይደሩ ነው። ጀርመን ሠራሹን አስካ 21 እንውሰድ፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 17 ሜትር ነው፣ አካሉ ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ሪቬት የማይታይበት፣ እንደተላጠ እንቁላል የለሰለሰ። ሞተር የለውም፤ በገመድ ተጎትቶ ወጥቶ ይለቀቃል። በጸጥተኛ አየር ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይንሳፈፋል። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ከመስታወቱ ክዳን ውጭ መሐል ለመሐል የተለጠፈች አንዲት የሱፍ ክር አለች። ጌጥ አይደለችም። ክሯ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ከተኛች ግላይደሩ አየሩን አስተካክሎ እየሰነጠቀ ነው፤ ጫፏ ወደ ቀኝ ካዘመመች የግራ እግር ፔዳሉን ይጫናል፣ ወደ ግራ ከሄደች የቀኝ። የራይት ወንድማማቾችም በዚህ ዓይነት ክር ተጠቅመዋል። እስካሁን ከእሷ የቀለለ፣ የረከሰና የማይዋሽ መሣሪያ አልተገኘም።

ያው ልጅ ባለፈው ሳምንት ከሸሚዙ ላይ አንዲት ክር በመቀስ ቆርጧል። አሁን ሌላ ክር እያየ እግሩን ያዝዛል። የትኛዋ ክር እንደምትቆረጥ፣ የትኛዋ እንደምትከበር የሚለይ ዓይን ተክለውለታል። አብራሪ ቢሆን መልካም፤ ሐኪም ወይም አናጺ ቢሆንም ዓይኑ አብሮት ይሄዳል።

ስለዚህ አንድ ማታ ልጅዎ ጥቁር ጫማውን አንሥቶ አምፖሉን ጫፉ ላይ ሲያሳይዎ «የቤት ሥራህን ጨርሰሃል ወይ?» ከማለትዎ በፊት ጠጋ ብለው ይዩለት። ከዚያ ለጥሩ ሥራ የምንለውን ይበሉት፤ እጅህ ይባረክ።