ከአደጋ በኋላ እውነትን መናገር፤ አንድ የወጣቶች ልብ ወለድ በገንዳ ውሃ አንባቢ ዓይን

በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ተኮትኩቶ ያደገ ተማሪ ስለ እውነት አንድ የጸና እምነት ይዞ ወደ ክፍል ይገባል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲባል ሰምቷልና፣ የተደበቀ ነገር ጊዜውን ጠብቆ በራሱ ይገለጣል ብሎ ያስባል። በቀድሞው ዘመን የነበረው አውጫጭኝም የአገሩን ሰው በአንድ ስፍራ ሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ የሚያቆይ ስለነበረ፣ እውነት ከሰው ተፈልቅቃ የምትወጣ እንጂ ሰው ፈቅዶ የሚሰጣት ሆና አልታየችም። አሜሪካዊቷ ደራሲ ማሪዮን ዴን ባወር እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙትና በተከታዩ ዓመት የኒውበሪ የክብር ሽልማት ያገኘው፣ ርእሱ በአማርኛ «በክብሬ» ሊባል የሚችለው አጭር ልብ ወለድ ይህን እምነት ይፈታተነዋል።

ታሪኩ የአንድ ቀን ታሪክ ነው። የ12 ዓመቱ ጆኤል ከጓደኛው ከቶኒ ጋር በብስክሌት ወደ አንድ ፓርክ ብቻ እንደሚሄድ ለአባቱ በክብሩ ቃል ገብቶ ይወጣል። በመንገድ ላይ ቶኒ በቨርሚሊዮን ወንዝ ካልዋኘን ይላል፤ ጆኤልም በእልህ ተነሣሥቶ፣ በወንዙ መካከል እስካለው የአሸዋ ቁልል ድረስ በዋና እንዲወዳደሩ ይገፋፋዋል። ቶኒ ግን ዋና አይሆንለትም፤ አለመቻሉንም አልተናገረም። ወንዙ ይወስደዋል። ጆኤል እየጠለቀ ይፈልገዋል፤ መኪና አስቁሞም ርዳታ ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ ልጁ የሚወቀስበት ነገር ጥቂት ነው። የደራሲዋ ብልሃት ጎልቶ የሚታየው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ ልጁ ወደ ቤቱ ይመለስና ቶኒ ብቻውን ወደ ፓርኩ እንደቀጠለ አድርጎ ይዋሻል። ሰዓቱ ይነጉዳል፤ ንጋቱ ግን አይጠራም። እንደ ተረቱ ወፍ መጥታ አትመሰክርበትም፤ የወንዙ ሽታ ብቻ ከገላው አልለቅ ይለዋል። እርሱ ካልተናገረ የቶኒ ወላጆች ልጃቸውን በከንቱ ሲጠብቁ ያመሻሉ።

የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ገንዳ ውሃ ስሟን የምትጋራው ወንዝ አላት። ይህ ወንዝም ሆነ ወደ ሱዳን የሚወርደው ጓንግ በክረምት ስለሚሞላ፣ የመተማ ቆላ ተማሪ መጽሐፉን እንደ ባዕድ ታሪክ አይሰማውም። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ ከሚወርዱት፣ በአካባቢው ሳሉግ ከሚባሉት ሠራተኞች መካከል ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች ይገኙባቸዋል። ዋና አለመቻሉን ለቆላ እኩያው መናገር የሚያሳፍረው የደጋ ልጅ የቶኒ ወንድም ነው።

ሆኖም የመተማ አንባቢ አስቀድሞ የሚያነሣውን ጥያቄ መጽሐፉ አይመልስም፤ የሟች ዘመዶችስ ምን አሉ? ታሪኩ በዚያው ምሽት፣ ጆኤል እንቅልፍ እስኪወስደው አባቱ አጠገቡ እንዲቆይለት ሲለምን ያበቃል። ሁለቱ ቤተሰቦች በማግስቱ እንዴት እንደሚተያዩ አይታወቅም። በጎንደር ቆላ ግን ሞት፣ በአደጋ የመጣ እንኳ ቢሆን፣ የሁለት ወገን ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ዕርቅ ይለመናል፣ ደም መቃባት ይፈራል። ስለዚህ በዚህ አገር ልጅ ዝም የሚለው የአባቱን ቁጣ ፈርቶ ብቻ ሳይሆን ለወንድሞቹም ሠግቶ ሊሆን ይችላል። ባወር ለጆኤል ይህን ሸክም አላሸከሙትም። አባትየው የጥፋቱን ድርሻ ከልጁ ጋር ተካፍሎ የሚናገረው ንግግርም ለዚያ ምሽት ከመጠን በላይ የተስተካከለ ነው። ይሁን እንጂ አባትየው ልጁን አይመታም፤ ነገሩንም አይሸፋፍንለትም። ለመምህር ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው፤ እውነት ተናጋሪ ብቻ ሳይሆን ሰሚም እንደምትሻ ያሳያልና።

መምህሩ ከንባቡ ጎን ሕጉን ቢያውቅ ይበጃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 15 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት እንዳይፈጸም ይከለክላል። በሌላ በኩል፣ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየተቻለ ትቶ መሄድን በወንጀልነት ይቆጥራል። ሲሸሽ የሚድን የሚመስለው ልጅ ይህን ቀድሞ ሊሰማ ይገባዋል።

መጽሐፉ አጭር በመሆኑ መምህሩ እየተረጎመ በጥቂት ክፍለ ጊዜያት ሊተርከው ይችላል፤ ለ6ኛና ለ7ኛ ክፍል ይመጥናል። አመቺው ወር ግንቦት ነው፤ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ፣ ወንዙም ሳይሞላ። ትረካው ጆኤል ከቤቱ ደጅ ሲደርስ ቆሞ የቀረውን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲጽፉት ቢደረግ፣ ባወር የተዉት የሟች ዘመዶች ጉዳይ በገንዳ ውሃ ክፍል ሳይጻፍ የሚቀር አይመስልም።