ኩሬው የሚያሰማው፣ ፒዞው የሚውጠው

የአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ዴቪድ ደን «ኤንጅልስ ኤንድ ኢንሴክትስ» አልበም እ.ኤ.አ. በ1992 ወጣ። በውስጡ ያለው የኩሬ ሥራ ከሰሜን አሜሪካና ከአፍሪካ ኩሬዎች በሃይድሮፎን (በውሃ ውስጥ ማይክሮፎን) የተቀዱ የውሃ ነፍሳትን ድምፆች አቀናጅቶ ያቀርባል። የሚሰማው መንቋቋት፣ መንጣጣትና መፋተግ እርስ በርሱ የሚመላለስ ነው። የዚህ የኩሬ ሥራ ርእስ ኩሬው አእምሮ እንዳለው ያውጃል። ይህን አዋጅ በቀላሉ አልቀበለውም፤ ድምፆቹን መርጦ ያደራረባቸው የደን እጅ ነውና። ሥራው ግን ታላቅ ነው፤ ዝም ያለ የሚመስለውን ውሃ እንድናከብር ያደርገናል።

ዝምታው የእኛ የአየር ነዋሪዎች ነው። ከውሃ ውስጥ የሚነሣ ድምፅ የውሃው ገጽ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ታች ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቁመቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ማይክሮኔክታ ሾልትዚ የተባለ የውሃ ነፍሳት ድምፅ እስከ 99.2 ዴሲቤል ይደርሳል። ዳር ላይ ለቆመ ሰው የሚደርሰው ከዚህ እጅግ ጥቂቱ ነው።

ደን ኋላ የዛፍ ቅርፊት የሚቦረቡሩ ጢንዚዛዎችን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሲቀዳ፣ ዜማ ከሚያሰማ የመልካም ምኞት ካርድ የወጣ፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒዞ ዲስክ ከሥጋ ቴርሞሜትር ጋር አጣምሮ ተጠቅሟል። ከአልበሞቹ ይልቅ ብዙ ተከታይ ያፈራለት ይህ መንገድ ይመስለኛል። ዲስክ ከአሮጌ ዕቃ ነቅሎ፣ ሽቦ በይዶ፣ ውሃ እንዳይገባው ሸፍኖ ኩሬ ውስጥ መስደድ የማንም ሰው ሥራ ሆነ።

ሆኖም ፒዞ ያዳላል። 20 ናኖፋራድ ገደማ አቅም ያለው ዲስክ 10 ኪሎ ኦም መግቢያ ካለው ሚክሰር ጋር በቀጥታ ሲገናኝ፣ ከ800 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ይመነምናል። ብዙ ዓሦች የሚያወጡት ጉርምርምታ የሚገኘው ደግሞ እዚያው ነው። የነፍሳቱ ቀጭን ጠቅታ ያልፋል፣ ዓሣው ይጠፋል፤ አድማጩም ኩሬው ሁሉ ነፍሳት ብቻ መስሎት ይቀራል። በየቤቱ የተሠሩ የውሃ ቅጂዎች የሚመሳሰሉት ውሃዎቹ ስለሚመሳሰሉ ብቻ አይደለም። መግቢያው 1 ሜጋ ኦም የሆነ ቅድመ ማጉያ ቢጨመር ወሰኑ ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም። እንዲህ ያለው ጉድለት ቅጂው እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ያሳስበኛል፤ ሙዚቃ ብቻ ቢሆን ግድ ባልሰጠኝ።

ስለዚህ በጣና ወይም በሐዋሳ ሐይቅ እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ፣ ዲስኩን ከካርድም ሆነ ከአሮጌ ዕቃ ያለ ኀፍረት ንቀሉ። ለምሳሌ የጉማሬ ዝቅተኛ ድምፅ በአየርም በውሃም ይሄዳል፤ ቅድመ ማጉያ ከሌላችሁ ግን በውሃ የሚሄደውን አብዛኛውን ታጡታላችሁ። በምትቀዱት ሁሉ ላይም የዲስኩን ስፋት፣ የመግቢያውን ኦምና ጥልቀቱን ጻፉበት።