የሰፌድ መጋጠሚያ

ወግዲ ላይ ንድፍ ፎቶ ማንሳት ያማረው ሰው ከሰፌድ ቢጀምር ይሻለዋል። ሰፌድ አይንቀሳቀስም፤ የተሠራበትንም መንገድ አይደብቅም።

ውስጡ ስንደዶ ነው። ጥቂት ሰበዝ እንደ ገመድ አንድ ላይ ተይዞ አክርማ ይጠመጠምበታል። ሰፊዋ ያለፈውን ዙር በወስፌ ትበሳለች፣ አክርማውን በቀዳዳው ታሾልካለች፣ ታጠብቃለች። ሲያልቅ የተደረደሩ ቀለበቶች ይመስላል እንጂ ከመሀል እስከ ከንፈሩ የሚዞር አንድ ረጅም መስመር ነው።

የዙሩ ውፍረት ግማሽ ሴንቲሜትር ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ3 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል። መሀሉ አጠገብም ሆነ ዳሩ ላይ ጭማሪው ያው ነው። ስለዚህ በቀለም በተነከረው አለላ የሚወጣው ቅርጽ ወደ ዳር ሲሄድ ወይ መስፋት ወይ መብዛት አለበት። ሰፊዋ ይህን ወረቀት ላይ አታሰላም። ልኩ የሚታየው የመጨረሻው ቅርጽ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ነው፤ ስሌቱ ከሳተ የመጨረሻው ይጣበባል። መስመሩ ጠመዝማዛ በመሆኑም አንድ ዙር የሚያህል ደረጃ እዚያ ይፈጠራል፤ ክብ የቀለም መስመር እዚያ ላይ ይሰበራል። ጥሩ ሰፊ ደረጃውን ከአንዱ ቅርጽ ጥግ ታስጠጋዋለች፤ ዓይን ቶሎ አያገኘውም። ፎቶ አንሺዎች ብዙ ጊዜ ይህን ቦታ ቆርጠው ያስወጡታል። እኔ ግን ፎቶውን የምመዝነው በዚህ ቦታ ነው።

ካሜራው ከሰፌዱ ገጽ ጋር ትይዩ ይሁን። ትንሽ ካዘነበለ ክቡ ሞላላ ይሆናል፣ የቅርጾቹም ልክ ይዋሻል። ሰፊ ሌንስ ይዞ መጠጋት መሀሉን ያሳብጣል፤ ከ50 እስከ 100 ሚሊሜትር ያለው ይበቃል። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። በወግዲ ሰማይ ፀሐይ ሚያዝያ 10 እና ነሐሴ 19 አካባቢ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች (የነሐሴዋን እንኳ ደመናው አያሳያትም)። ያን ጊዜ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰፌድ ጥላ የለውም፤ ቀለም ብቻ ይቀራል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ግን እያንዳንዱ ዙር የራሱን ቀጭን ጥላ ይጥላል፣ የአክርማው ጥምጥም አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ሸማ ላይ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድርና የማጉ ጥቅጥቅነት ከሴንሰሩ ነጥቦች ጋር ሲቀራረብ፣ ዲጂታል ካሜራ ጨርቁ ላይ የሌለ ሞገድ ይስላል። ሞይሬ ይባላል። ትንሽ ጠጋ ወይም ራቅ ሲሉ ይጠፋል፤ የሸማኔው ሥራ ባለበት ይቆያል።

ከፍ ሲሉ፣ ደንቆሮ ጫካ ላይ፣ ጅብራ አለ። እሱም ጠመዝማዛ ነው። ለዓመታት ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ይሞታል። ከአናቱ ቁልቁል ለማንሳት ገና ግንድ ያላወጣው ይመረጣል። ጠመዝማዛ ቅጠል ባላቸው ብዙ ዕፅዋት ዘንድ አዲሱ ቅጠል ካለፈው 137.5 ዲግሪ ገደማ ዞሮ ይወጣል። ይህ ማዕዘን ሙሉ ዙርን እኩል አይከፍልም፤ በዚህም የተነሳ የላይኛው ቅጠል ከታችኛው ጋር ልክ አይገጥምም። ጅብራ ላይ መጋጠሚያ ቢፈልጉ አይገኝም። ሰፌድ ላይ ያለው ደግሞ የሰፊዋ ውሳኔ ነው።

ጀርመናዊው ካርል ብሎስፌልት በርሊን ውስጥ የእጅ ጥበብ ተማሪዎችን ሲያስተምር፣ ቅጠልና እምቡጥ በብዙ እጥፍ አጉልቶ ያነሳ ነበር፤ ፎቶዎቹ በ1928 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጡ። ለሰፌድ ያን ያህል ማጉላት አያስፈልግም። ከጎን ብርሃን ጋር ስልክም ይሠራል።

አንድ ነገር ብቻ፦ ለገጹ እንዲያምር ተብሎ ምስሉ ከግራ ወደ ቀኝ አይገልበጥ። የዙሩ አቅጣጫ ይቀየርና፣ ስፌት የምታውቅ ሴት በሌላ እጅ የተሰፋ ሰፌድ ታያለች።