ጌጥና አገልግሎት፤ ስለ ጃፓን ጎራዴ ጹባ

ጌጥ ሁሉ ከንቱ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ያላጌጠ ነገር ሁሉ ደግሞ የድንቁርና ሥራ ነው የሚሉ አይታጡም። ሁለቱም ወገኖች በድሮዎቹ የጃፓን ጎራዴዎች ላይ የሚገኘውን ጹባ የተባለውን ነገር አንድ ጊዜ ረጋ ብለው ቢመለከቱት፣ ክርክራቸው ሳይለዝብ የሚቀር አይመስለኝም።

ጹባ ማለት በጎራዴው ስለትና በእጀታው መካከል የሚገባ፣ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የብረት ወይም የመዳብ ሰሌዳ ነው። ብዙ ሰው የጠላትን ስለት ለመመከት ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። ዋናው አገልግሎቱ ግን ባለቤቱ ጎራዴውን ወደ ፊት በወጋ ጊዜ የገዛ እጁ ተንሸራቶ በገዛ ስለቱ ላይ እንዳይወርድ ማገድ ነው። ከዚህም ሌላ የጎራዴውን ሚዛን ያስተካክላል፤ ጎራዴውንም ከሰገባው ለመምዘዝ ሲታሰብ የግራው አውራ ጣት አስቀድሞ የሚገፋው እርሱኑ ነው።

እንግዲህ መዳፍ በማትሞላ በዚህች ሰሌዳ ላይ ጠቢቡ ተራራ፣ ማዕበል ወይም የሚበርር የዱር ዝይ ሊያሳይ ይነሣል። ነገር ግን ሥዕል ሠሪ ሁሉ የሐሳቡን ፍሬ የሚያኖርበት መካከሉ የእርሱ አይደለም፤ የስለቱ ጭራ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ብዙ ጊዜም ከዚያ ግራና ቀኝ፣ አንዱ በሰገባው ጎን ለሚሰካው ትንሽ ቢላዋ፣ ሌላው ለጠጉር ማበጃው ወስፌ፣ ሁለት ቀዳዳዎች ይጨመሩበታል። ለጠቢቡ የሚቀርለት ዳር ዳሩ ብቻ ነው። የጹባ ሠሪውን ብልሃት የምመዝነውም በዚህ ነው፤ ቀዳዳውን እንደ እንቅፋት ቈጥሮ ሊሸሽገው የሚሞክር አለ፤ ሥዕሉን በቀዳዳው ዙሪያ አስማምቶ፣ ያ ባዶ ስፍራ ከመጀመሪያው የሐሳቡ ክፍል የነበረ እስኪመስል ድረስ የሚያደርስ ደግሞ አለ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚማርኩኝ የብረቶቹ ናቸው። ዝገት የብረት ጠላት መሆኑን ማንም ያውቃል። የጃፓን ብረት ሠሪዎች ግን ዝገትን በልክ አስነሥተው፣ ቀጭንና ጽኑ የሆነ ቡናማና ጥቁር ቆዳ እስኪሆን ድረስ አሠልጥነው፣ ብረቱን በዚያው በጠላቱ አስጠበቁት። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ በጨርቅ እያሸ ለልጁ፣ ልጁም ለልጅ ልጁ ሲያወርሰው መልኩ እየበሰለ ይሄዳል።

ከዚህ ዐይነት ሥራ የላቀው በኪዩሹ ደሴት፣ ሂጎ በተባለው በዛሬው ኩማሞቶ፣ በሆሶካዋ መሳፍንት ጥላ ሥር የተሠራው ነው። ስመ ጥሩው ሰይፈኛ ሚያሞቶ ሙሳሺ እ.ኤ.አ. ከ1640 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1645 ድረስ የተቀመጠው በዚህ ነበር። የእርሱ እጅ ሥራ እየተባሉ ከሚነገርላቸው ጹባዎች አንዱ ዐይነት፣ ግራና ቀኙ በሞላላ ቅርጽ ከመበሳቱ በቀር ምንም ጌጥ የለበትም። ከዚያው አገር የተነሣው፣ የጠመንጃ ሠሪዎች ወገን የሆነው ሀያሺ ማታሺቺ (1613-1699) ደግሞ በብረቱ ላይ በወርቅ የተሰባበሩ ማራገቢያዎችና የቼሪ አበቦች ጣል ጣል አደረገበት። ይህ ጹባ ዛሬ በቶኪዮ በኤይሴይ ቡንኮ ከሆሶካዋ ቤት ቅርሶች ጋራ ይገኛል። ለጦር ሰው ወገብ የተሰባበረ ማራገቢያና በጥቂት ቀን የሚረግፍ አበባ! ዘንዶና ነብር ቢቀረጽለት የሚሻል የሚመስለው ብዙ ነው። ማታሺቺ ግን ወርቁን በመጠን አደረገውና ብረቱ ብረት እንደ ሆነ ቀረ፤ የሚያስፈራውንም ነገር ለስለቱ ተወለት።

የከበሩትን ማዕድናት ሥራ ግን ልንቅ አልፈልግም። ለሾጉኑ ለአሺካጋ ዮሺማሳ ያገለገለው ጎቶ ዩጆ (1440-1512) የጀመረው ቤት እስከ 17 ትውልድ ድረስ ለገዥዎች ሲቀርጽ ኖሯል፤ የመጀመሪያዎቹም አባቶች ይልቁን በትናንሾቹ የጎራዴ ጌጣጌጦች ላይ ነበር የሚደክሙት። ሻኩዶ የሚሉት መዳብ ከመቶ አራት አምስት እጅ ያህል ወርቅ ይቀላቀልበትና በመድኀኒት ውሃ ሲቀቀል የቁራ ክንፍ የመሰለ ሰማያዊ ጥቁር መልክ ያወጣል። ወርቅን ጥቁር እንዲያደርግ የሚያስገቡት ሕዝብ ስለ ክብር የሚያስበው ከእኛ የተለየ መሆን አለበት። በዚያም ላይ ጫፉ ጎድጎድ ባለ ትንሽ መምቻ፣ የዓሣ ዕንቍላል የመሰሉ ነጠብጣቦችን አንድ በአንድ፣ በረድፍ፣ ሳይዛነፉ ይደረድራሉ። አንዲት ብትሳት ዓይን ወዲያው ያገኛታል።

ጥፋቱ የመጣው ከሰላም ጋራ ነው ማለት ያሳዝናል፤ እውነቱ ግን እንዲሁ ነው። ከ1603 እስከ 1868 በቆየው በቶኩጋዋ ዘመን ጎራዴ አብዛኛውን ጊዜ በሰገባው ዋለ። ሁለት ጎራዴ መታጠቅ ለሳሙራይ ብቻ የተፈቀደ ቢሆንም፣ ነጋዴው አጭሩን መታጠቅ ይችል ነበርና በስለቱ ሊያገኘው ያልቻለውን ክብር በጹባው ፈለገው። ያን ጊዜ ሥዕሉ ከሰሌዳው እየፈለቀ ወጣ፤ በአንዲት ጹባ ላይ ፏፏቴው፣ ጠቢቡ ሽማግሌ፣ ጥዱና ጨረቃው ሁሉ በወርቅና በብር ተጨናነቁ። የእጅ ጥበቡ ያስደንቃል፤ አድናቆቱ ግን ከጠቢቡ ጣት አልፎ ወደ ሥራው አይደርስም። የሚታየው ነገር የገዢው ኪስ ነው።

በ1876 መንግሥት ከወታደሮች፣ ከፖሊሶችና የማዕረግ ልብስ ከለበሱ ሹማምንት በቀር ማንም ጎራዴ እንዳይታጠቅ ዐዋጅ አወጣ። በመንገድ ላይ ሰው በጎራዴ የሚፈራበት ዘመን ማለፉ መልካም ነው፤ በዚህ የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ስንት ዘመን የተለማመደ እጅ በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። ብዙዎቹ ለውጭ አገር ሰው የአበባ ማስቀመጫና የዕጣን ማጨሻ ወደ መሥራት ዞሩ። ካኖ ናትሱዎ (1828-1898) አስቀድሞ በ1869 ለአዲሱ ገንዘብ የዘንዶውን ምስል እንዲቀርጽ ታዝዞ ነበር፤ ጹባ ይቀርጽ የነበረው መሮ የሕዝብ ሁሉ እጅ በሚነካው ሳንቲም ላይ ዋለ። ይህን ሰው የማከብረው ስለዚህ ነው። ጎራዴ ሊገባበት ከቶ ያልታሰበ፣ ቀዳዳው ለወጉ ብቻ የተበሳ ጹባ ለሰብሳቢ የሚሠሩትን ግን፣ እጃቸው ምንም ቢራቀቅ፣ ከእርሱ ጋራ አላስተካክላቸውም።

ዛሬ ጹባዎች ከጎራዴያቸው ተለይተው በየቤተ መዘክሩ በመስታወት ሥር ተደርድረዋል። ጐብኚው ወደ ወርቁ ያዘነብላል። እኔ አስቀድሜ የማየው የመካከሉን ቀዳዳ ነው። በብዙዎቹ አሮጌዎች ላይ ከላይና ከታች ትንንሽ የመዳብ ቍራጮች ገብተውበታል፤ ጹባው ከአንድ ጎራዴ ወደ ሌላው ሲዛወር ለአዲሱ ስለት ልክ እንዲሆን የተደረጉ ናቸው። መዳቡ ተቀጥቅጦ ተጣሟል፤ ማንም ሊያሳምረው አልደከመም፤ እጀታው ሲገጠም የሚሸፈን ስፍራ ነበርና።