መልሱ የታወቀ ሙከራ ማንን ተመራማሪ ያደርጋል?

አገና ዙሪያ ካሉት የእዣ መንደሮች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። ከቤቱ ጓሮ እንሰት፣ ከእንሰቱ መሃል በቅጠል የተሸፈነ ጉድጓድ ታያላችሁ። ጉድጓዱ ውስጥ ቆጮ እየተብላላ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ባዮሎጂ ሲያጠና ስለ መብላላት መማሩ አይቀርም። ያ ጉድጓድ ግን ጥያቄ ሆኖ ቤተ ሙከራ ሲገባ ብዙም አይታይም።

ለምን? «ዕቃ የለም» ይባላል። እውነት አለው፤ አንድ ማይክሮስኮፕ ከብቦ መጋፋት ቀልድ አይደለም። ግን ዕቃው ቢሟላስ? ብዙ የቤተ ሙከራ መመሪያዎች ዓላማውን፣ አሠራሩን፣ አልፎ ተርፎም የሚጠበቀውን ውጤት ቀድመው ይናገራሉ። ልኬቱ ያልገጠመለት ተማሪ ከጓደኛው ይቀዳል። ምን ያድርግ? ነጥቡ ያለው «ትክክለኛው» መልስ ላይ ነዋ! በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም በምርጫ ጥያቄ የሚመዝን በመሆኑ ይህን ልማድ አይፈውሰውም።

ምርመራ በምን እንደሚጀምር ከራሳችን ታሪክ እንይ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ያሉበት ዕቃ ውስጥ አስጨመሩ፤ ሞቱ። የዚያን ቀን መሣሪያ ባልዲ ነበር። ዋናው ነገር «እነዚህ ለምን ሞቱ?» ብሎ መጠየቁ ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪ ስትነግሩት አንድ ነገር ጨምሩበት፦ «በእንዶዱ እንጂ በሌላ ነገር እንዳልሞቱ በምን ታረጋግጣለህ?» ንጹሕ ውኃ ያለበት ሁለተኛ ባልዲ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ወደ ቆጮው እንመለስ። ብርድ በበዛበት ደጋ ቆጮ ለመድረስ ይዘገያል። ስንት ቀን? ለምን? ተማሪዎች ከአንድ ሊጥ ስድስት ማሰሮ ይሙሉ፤ ሦስቱን ሞቅ ያለ፣ ሦስቱን ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩ፤ አሲድነቱን በየቀኑ በፒኤች ወረቀት ይለኩ። ሥራውን ሉኮኖስቶክ የተባሉ ባክቴሪያዎች እንደሚጀምሩት፣ አሲዱ ሲበዛ ላክቶባሲለሶች እንደሚረከቡ ይታወቃል። የእነዚህ ስድስት ማሰሮዎች ውጤት ግን መምህሩም ዘንድ የለም። ስለዚህ መቅዳት ትርጉም ያጣል።

«ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ የመምህሩ ጫና ከባድ ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ስለዚህ ሁሉንም ሙከራ አትቀይሩ፤ በሴሚስተር አንድ ይበቃል። ነጥቡን ግን ለጥያቄው፣ ለማነጻጸሪያውና ውጤቱ ያልገጠመበትን ምክንያት ለማስረዳት ስጡ።

ነገሩ የውጤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በተበከለ ቢላ ሳይቀር ከተክል ወደ ተክል ይዛመታል፤ የገባበት ጓሮ የቤተሰብ ጉሮሮ ይዘጋል። ነገ አንዲት እናት ቅጠሉ የጠወለገ እንሰት አሳይተው «ልጄ፣ ምን ነካብኝ?» ሲሉት፣ ተመራቂው የሚገልጠው መመሪያ አይኖርም። መጠየቅና ማነጻጸር ካልለመደ ዲግሪው ምን ሊያደርግላቸው ነው?