ስለ ግንብና ስለ ዐጸድ

ቅርስ የሚለው ቃል በአገሬው አነጋገር ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ጥሪት ማለት ነው። ባለጥሪት ገንዘቡን የሚያኖረው እርሱ ሊበላው ሳይኾን ልጁ እንዳይቸገርበት ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ቅርስ ባለቤቶች ሦስት ናቸው፤ ያኖረው አባት፥ የሚጠብቀው ልጅ፥ ገና ያልተወለደውም የልጅ ልጅ። ቃሉ ለጥንት ሕንጻና ለጥንት መጽሐፍ መጠሪያ ሲኾን ይህን ምስጢሩን ይዞ መሻገር ይገባው ነበር። ነገር ግን ዛሬ ቅርስ ሲባል በብዙ ሰው ልብ ወዲያው የሚታየው ግንብ ነው፤ ግንቡ የቆመበት መሬት፥ በአጠገቡ የሚፈሰው ውሃ፥ የሚያጠላው ዛፍ፥ የሚገለገልበትም ሕዝብ ከሐሳብ ይወጣሉ። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል ጐደሎ እንደ ኾነ ጐንደርን አይቶ መረዳት ይቻላል።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ በቈረቈሩት ከተማ የነገሥታቱ ግቢ 900 ሜትር በሚያህል ቅጥር የተከበበ ነው። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ ግን ብቻውን አልተጻፈም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የፋሲል መዋኛ፥ የእቴጌ ምንትዋብ ቍስቋም፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፥ በጣና አካባቢ ያሉት ጎርጎራና ጕዛራም ከእርሱ ጋራ ተቈጥረዋል። ይህ አቈጣጠር የሚያስተምረው አለ። የጐንደር ነገሥታት ቤት ከመሥራታቸው በፊት ቦታ መርጠዋል፤ ቍስቋም በተራራው ጥግ ከፍ ብላ ከተማውን ማየቷ፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ዐሥራ ኹለት ማማ ባለው ቅጥርና በጽድ ጥላ መካከል መቀመጧ የሠሪዎቹ ሐሳብ ነው እንጂ ያጋጣሚ ነገር አይደለም። ግንቡን ጠብቆ ዙሪያውን መተው የቅኔን ሰም ይዞ ወርቁን እንደ መጣል ይቈጠራል።

ከኹሉ ይልቅ ነገሩን የሚያጐላው የፋሲል መዋኛ ነው። ቤቱ በቅስት ላይ ተሠርቶ ከገንዳው መካከል ይነሣል፤ ውሃው ከቀሐ ወንዝ በቦይ ይመጣል፤ የትልልቅ ዛፎች ሥሮች የቅጥሩን ድንጋይ እንደ እጅ ጣት ጨብጠው ይታያሉ። በዚህ ቦታ ኹለት ወገን ይከራከራል። አንዱ፥ ሥር ድንጋይ ይሰነጥቃልና ዛፉ ይቈረጥ ይላል። ሌላው፥ ውበቱ ዛፉ ነውና ማንም አይንካው ይላል። ኹለቱም እኩል እውነት፥ እኩልም ስሕተት ይዘዋል። ብዙ ዘመን ከግንብ ጋራ የኖረ ሥር መዠመሪያ የሰነጠቀውን ድንጋይ በኋላ አስሮ የሚይዝ እርሱ ይኾናልና፥ ያለ ምርመራ የቈረጠው ሰው ዛፉንም ቅጥሩንም ባንድ ቀን ያጣል። ያለ ምርመራ የተወውም አዲሱ ቡቃያ በየክረምቱ አዲስ ስንጥቅ ሲከፍት ይመለከታል። ትክክለኛው መንገድ ድካም የበዛበት ነው፤ ይኸውም የያዘውን ሥር ከሚገፋው ሥር መለየት፥ ቡቃያውን ገና ለጋ ሳለ መንቀል፥ አሮጌውን ማቈየት ነው።

ይህ መለየት የመጽሐፍ ሰዎች የሚያውቁት ሥራ ነው። የደከመ ብራና ሲታደስ ጥሩ ጸሓፊ የጠፋውን ፊደል በእናት መጽሐፉ አመሳክሮ ይመልሳል፤ ክፉው ግን አሮጌውን ጽሕፈት ፍቆ የራሱን ይጽፍበታል። ጐንደር ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በኢጣልያ እጅ በነበረችበት ጊዜ በግንቦቹ ላይ የተደረገው እድሳት ሲሚንቶ የገባበት በመኾኑ ከፍቆ መጻፍ የራቀ አልነበረም። የጥንቱ ግንብ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራ ልል ስለ ኾነ እርጥበቱን ያስወጣል፥ ግንቡ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይታዘዛል። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ድንጋዩን ከውስጥ ያስበላዋል። በኋላ የመጡ አዳሾች ወደ ኖራው መመለሳቸው የተመሰገነ ሥራ ነው፤ የእናት መጽሐፉን ንባብ መልሰዋልና።

በዚህም ላይ መዋኛው የሚያርፍበት ሌላ መሠረት አለው፤ እርሱም በዓሉ ነው። በጥምቀት ገንዳው ይሞላል፤ ታቦታቱ ያድራሉ፤ ሕዝቡ ይጠመቃል። ባዶ ገንዳ ለጐብኚ ፍርስራሽ ነው፤ የተሞላው ግን ሥራው ያልተቋረጠ ቤት ነው። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጻፈ። በዚያው ዓመት በጥር 11 ቀን በዚያው ቦታ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቈሰሉ። ደስታውና ኀዘኑ ባንድ ዓመት መግጠማቸው ሊዘነጋ አይገባም። የቦታውን አቅም ሳይመዝኑ ለማየት ብቻ የመጣውን ሕዝብ ማብዛት ቅርሱንም ባለቅርሱንም ይጐዳል።

እስከዚህ የተነገረው ነቀፌታ ወደ መንግሥት ሹማምንት ብቻ የሚያመለክት የመሰለው ሰው ቢኖር ወደ ገዳማቱና ወደ አድባራቱ ዐጸድ ይመልከት። በሰሜኑ ደጋ የጥንቱ ደን ከሞላ ጐደል ጠፍቷል፤ የቀረው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። ጽዱን፥ ወይራውንና ዝግባውን ለብዙ መቶ ዓመታት የጠበቀው ዘበኛ ወይም ዐዋጅ አልነበረም፤ የቦታው ክብር ነበር እንጂ። ዛሬ ግን አሮጌው ክብ ቤተ ክርስቲያን ጠበበ ተብሎ ሲፈርስ፥ በስፍራው ሰፊ የሲሚንቶ ሕንጻ ሲነሣ፥ ለግቢውም ማስፊያ የመቶ ዓመት ጽድ ሲወድቅ በየአገሩ ይታያል። በወደቀው ጽድ ፈንታ ቶሎ የሚሸጥ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ምእመናን ገንዘባቸውን የሚሰጡት በቅን ልብ ነው፤ ኾኖም ቅን ልብ የቈረጠው ጽድ ክፉ ልብ ከቈረጠው ጽድ ቀድሞ አይበቅልም። ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. የጐንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ዛሬ የምትወደደው አርጅታ ስለ ቈየች ነው፤ አዲስ ብትኾን ኖሮ ማን ሊያያት ይመጣ ነበር?

ሕጉስ ቢኾን ቅርስን በሚዳሰስና በማይዳሰስ ከፍሎ የሚያውቅ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 209 ይህን ይናገራል። የኰንሶ የድንጋይ እርከን በ2003፥ የጌዴኦ ምድር ደግሞ እንሰቱና ቡናው ከዛፉ ጥላ ጋራ በ2016 ዓ.ም. በዓለም መዝገብ ሲገቡ፥ ገበሬ ያበጀው መሬት ከንጉሥ ግንብ እኩል ቅርስ መኾኑ ተመስክሯል። የጐደለው እንግዲህ ሕግ ሳይኾን የጠባቂው ዐይን ነው።

ለዚህም ብዙ ወጪ የማይሻ መዠመሪያ አለ። ስለ አንድ አሮጌ ቤት ምክር ሲደረግ ስለ ጣራውና ስለ ግድግዳው ከመነጋገር አስቀድሞ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፥ ዛፉን ማን እንደ ተከለው፥ በዓሉ መቼ እንደሚውል፥ በዙሪያው የሚኖረው ማን እንደ ኾነ ይጠየቅ። መልሱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ሳሉ ይጻፍ፤ እነርሱ ካለፉ በኋላ ግንቡ ቢጠየቅ አይመልስምና።